በየበሩ የሚነድ ከሰል

«የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተጠቃሚ ለሆናችሁ ነዋሪዎች በሙሉ! ከነገ ሰኞ ጀምሮ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በማንኛውም ቤት ውስጥ፣ በማናቸውም ምክንያት፣ ሽሮ በኤሌክትሪክ እንዳይሠራ ጠቅላላ ጉባኤው ወስኗል። ምስርም እንደዚሁ።»

አቶ ሰብስቤ ይህን ያነበቡት ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠሩ፣ ስለ ሽሮም ቢሆን ማኅተም የሌለው ወረቀት ማንበብ አይሆንላቸውም፤ የእድሩን ማኅተም ከግርጌው አሳርፈውበታል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «እንቁላልስ?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሳቀ። አቶ ሰብስቤ አልሳቁም።

«እንቁላል ለኮሚቴው ተመርቷል» አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፍቅሬም አልሳቀም። እሱ የሚያስበው ስለ ታላቅ እህቱ ስለ ሰብሌ ነበር፤ ጉባኤው የተጠራውም በእሷ ምክንያት ነው።

ሰብሌ የምትተነፍሰው በመብራት ነው። ሲሉት ተረት ይመስላል፤ ተረት አይደለም። አልጋዋ አጠገብ የቆመ፣ የሻንጣ ቁመት ያለው ማሽን ከአየሩ ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። ማሽኑ የሚፈልገው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው። ሁለት መቶም ቢሰጡት ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ይሠራል። ከመቶ ሰባ በታች ሲወርድ ይጮኻል፤ ከመቶ ሃምሳ በታች ሲወርድ ይጠፋል። ስታብላይዘር ተገዝቶለታል፤ ስታብላይዘር ግን ያለውን ያስተካክላል እንጂ የሌለውን አይወልድም።

ፍቅሬን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የሦስት ዓመት ልጅ፣ እሷ የአሥራ ስድስት ነበሩ። ከወልቂጤ ይዛው መጥታ፣ ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ፣ አጠና ለሚጭኑና ለሚያወርዱ ሰዎች ምሳ እያበሰለች አስተማረችው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በባሕር ዛፍ ቅርፊት ጭስ ውስጥ ተቀምጣለች። ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ እያየ፣

«እናት፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ቢላት፣

«እኔ አላጨስኩም። ምድጃዬ ናት ያጨሰችው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። ፍቅሬ አልሳቀም፤ ከዚያ ጭስ ግማሹ የደብተሩ መግዣ ነበረና።

ትራንስፎርመሩ የተተከለው ዓለም ባንክ የሚባለው ይህ ሰፈር ግማሹ ገና እርሻ በነበረ ጊዜ፣ ለአርባ ቤት ነው። አሁን መቶ አሥራ ሁለት ቆጣሪ ተቀጥሎበታል፤ ከየቆጣሪው ጀርባ ደግሞ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት አለ፤ በየሰርቪሱ ስቶቭ፣ በየስቶቩ ድስት። ድሮ በዚህ ሰፈር ሀብታም የሚባለው ፍሪጅ ያለው ነበር። አሁን ደኻ የሚባለው ፍሪጁ ትንሽ የሆነበት ነው። ባኞ ቤቱ ውስጥ ውሃ ማሞቂያ ያላስገባ ሰው ልጁን ለመዳር ሲሄድ ትንሽ አንገቱን ይደፋል።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ሳምንት ጌታሁን የሚባል ቴክኒሻን መጥቶ ነበር። ሰፈሩ ጥፋቱ አጠገቡ የተሠራው ኮንዶሚኒየም ነው ብሎ ካመነ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ አምፖሉ ሲቀላ ሰው ሁሉ በመስኮቱ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ያይና «ይኸው፣ ጠጡት!» ይላል። ጌታሁን መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመለኪያው ቆንጥጦ አየ፣ ወረደ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ከኮንዶሚኒየሙ ጋር አትገናኙም» አለ። «እሱ የራሱ ትራንስፎርመር አለው። ይኼን የምትጠጡት እናንተው ናችሁ።»

ይህ ማንንም ደስ አላሰኘም።

«ግድቡ አለቀ አይደል እንዴ?» አለ ባለሱቁ ሀምዳን። «ቦንድ የገዛሁበት ወረቀት እቤቴ ተቀምጧል። ኃይሉ የት ገባ?»

«ጋኑ ሙሉ ነው ወንድሜ። እናንተ ግን መቶ ቤት ሆናችሁ በአንድ ስትሮ ነው የምትጠጡት።»

«ሌላ ስትሮ መች ይመጣል?»

«ጥያቄያችሁ ተመዝግቧል። ዘንድሮ ቤት ያልሠራ፣ ስቶቭ ያልገዛ ሰፈር ንገረኝ እስቲ! አገሩ ሁሉ ወረፋ ላይ ነው።» ጌታሁን መሰላሉን እያጠፈ ወደ ፍቅሬ ዞረ። «ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ ነው የምትሉኝ? እንግዲያው እስከዚያው ማታ ማታ ቀነስ አድርጉላት። እራት የሚሠራበትን ሁለት ሰዓት ብቻ። ሌላውን ትችሉታላችሁ።»

ሁለት ሰዓት ብቻ። በዚህ ነው ጉባኤው የተጠራው።

በጉባኤው ላይ የተቃወመ አልነበረም። ስለ ሰው ትንፋሽ እየተነገረ ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? አቶ ሰብስቤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለሆኑ በጸሎት ከፈቱት፤ ሴቶቹ ገና ጸሎቱ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመሩ። ክርክር የተነሣው ስለ ቁጥጥሩ ነው። ማን ቤት ስቶቭ እንደበራ በምን ይታወቃል? በእራት ሰዓት የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት የሚከፍት ኮሚቴ በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም፤ ቢፈጠርም ለቅሶው ላይ የሚቆምለት አይገኝም። ብዙ ከተባለ በኋላ መፍትሔውን ያመጡት አቶ ሰብስቤ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከሰል ምድጃውን ለኩሶ፣ ድስቱን ጥዶ፣ በሩ ላይ ያውጣ። ኮሚቴው በመንገዱ እያለፈ ያያል። ያወጣ ቃሉን አክብሯል፤ ያላወጣ ይጠየቃል።

በጭብጨባ ጸደቀ።

የመጀመሪያው ሰኞ ለታሪክ የሚበቃ ነበር። ከመቶ አሥራ ሁለቱ ቤት መቶ ዘጠኝ ምድጃ ወጣ። ከቀሩት ሦስት አንዱ ጉዞ ላይ ነው፣ አንዱ ቤት ባዶ ነው፣ ሦስተኛው አቶ ሰብስቤ ራሳቸው ናቸው፤ ከሰላቸው እርጥብ ሆኖ እምቢ ብሏቸው እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በካርቶን ሲያራግቡ ቆዩ። ፍቅሬ በመንገዱ መሐል ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ግራና ቀኙን ፍሙ ቀልቶ፣ ሰዉ በዱካ ላይ ተቀምጦ «እንደምን አመሸህ ጋሽ ፍቅሬ» ሲለው፣ በየበሩ ቆሞ እጅ ነሣ። እህቱ ቤት ገብቶ ስታብላይዘሩን ቢያይ ሁለት መቶ አራት ይላል።

«አየሽ እታለም? ሰፈሩ በሙሉ ለአንቺ ሲል ከሰል ያነዳል።»

ሰብሌ ቱቦዋን አስተካክላ ወደ መስኮቱ አየች።

«እግዜር ይስጣቸው» አለች። ትንሽ ቆይታ ሳለች። «መስኮቱን ዝጋው እስቲ።»

በሁለተኛው ሳምንት ምድጃው መቶ አሥራ ሁለት ሞላ። ባዶው ቤት እንኳ ተከራይ ገባበትና አወጣ። የቀነሰው ቮልቱ ነው። መቶ ዘጠና፣ መቶ ሰባ አምስት፣ መቶ ስልሳ ስምንት። ኮሚቴው ተሰብስቦ ከየት እንደሚፈስ መረመረ። አንዱ ከወንዙ ማዶ ያለውን የብየዳ ቤት ጠረጠረ፣ ሌላው ጌታሁን ዋሽቶናል፣ ኮንዶሚኒየሙ ነው አለ። አቶ ሰብስቤ ደብዳቤ ጻፉ። «ነዋሪው መቶ በመቶ ወደ ከሰል የተመለሰ መሆኑ እየታወቀ» ይላል ደብዳቤው።

ፍቅሬ ነገሩን ያወቀው በአፍንጫው ነው። አንድ ምሽት ከወይዘሮ ምሥራቅ በር ላይ ቆመ። ምሥራቅ በግቢዋ ስድስት ሰርቪስ የምታከራይ፣ ለኮሚቴውም ምላሷን የማትቆጥብ ሴት ናት። በሩ ላይ ምድጃው ግሏል፣ ከድስቱ ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ ግን ምንም አይሸትም። የሚሸተው ጓዳው ነው፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሁሉም በጓዳው መስኮት ተሰልፎ ይወጣል።

«ምን እየሠራሽ ነው ምሥራቅ?»

«ቀይ ወጥ ነዋ።»

«ሽታው ከጓዳ ነው የሚመጣው።»

«ነፋሱ ነው ጋሽ ፍቅሬ። ነፋስ እንደሆነ ኮሚቴ የለው።»

ፍቅሬ እጁን ወደ ክዳኑ ሊሰድ ቃጣውና መለሰው። የሰው ድስት ነው። ደግሞም ከፍቶ የፈላ ውሃ ቢያገኝ ምን ሊል ነው? ምሥራቅ እጁ ሲሄድም ሲመለስም አይታዋለች። ከሱ ትከሻ በላይ አሻግራ፣ ሦስት በር አልፎ ወዳለው የእሱ ግቢ ተመለከተች፤ መኪናውን የሸፈነው ግራጫ ሸራ በአጥሩ በላይ ጫፉ ይታያል።

«መኪናህስ? እራቷን በላች?» አለችው።

«እሷ የምትበላው ሌሊት ነው።»

«ይሁን። ያንተ ሌሊት በጊዜ ይመሻል።»

ፍቅሬ ደህና እደሪ ብሎ አለፈ። ከዚያ ምሽት በኋላ ሁለቱ ከበፊቱ የበለጠ ይከባበሩ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍቅሬ የኤሌክትሪክ መኪና አለው። ሃያ ዓመት በሚኒባስ ከዓለም ባንክ መርካቶ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ማደር ሲሰለቸው ሚኒባሷን ሸጠና ይቺን ገዛ፤ አሁን ሰው በስልክ እየጠራው ያደርሳል። ከነዳጅ ሰልፍ ተገላግሎ የቻርጅ ሰልፍ ውስጥ ገባ። ከተማ ውስጥ ወረፋው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ እቤቱ መስመር አስገባ። ደንቡ ሲወጣ ለራሱ የማለው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ብቻ ሊሰካ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ተኝቷል፣ ማንም አይጎዳም። ለአንድ ሳምንት ያህል በአራት ሰዓት ሰካ። ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ኤርፖርት የሚሄድ ደንበኛ ይጠራዋል፣ መኪናዋ ደግሞ ስምንት ሰዓት ካልጠባች አትጠግብም። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ደንቡ እኮ የሚለው እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ለግማሽ ሰዓት የሰፈር መብራት አይወድቅም። የሚሰካው እንኳ እሱ አልነበረም። እሱ ምድጃ ሊቆጥር ሲወጣ ሚስቱ ኮከብ ትሰካለች፤ ኮከብ የቤት ሥራ የማታሳድር ሴት ናት።

ከምሥራቅ በቀር እሱን የሚጠረጥር አልነበረም። የገዛ እህቱ አይደለችም እንዴ?

የሰብሌ ልጅ ጸሎት ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የስታብላይዘሩን ቁጥር ታያለች። አንድ ምሽት ፍቅሬን በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ መቶ ስልሳ ሁለት ገባ። ሁለት ጊዜ ጮኸ።»

«ሁሉም ለኩሰዋል። በዓይኔ እያየሁ ነው የመጣሁት።»

«እኔም በዓይኔ ነው የማየው። እየው ዓይኔን።» ዓይኗ በጭስ ደም መስሏል። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እናቷ ውስጥ ናት። «ስማኝ ጋሼ። ከሰሉ ካለ መብራቱ መኖር ነበረበት አይደል? መብራቱ ከሌለ ደግሞ ከሰሉ ምን ያደርጋል? ሁለቱም እኮ ባንድ ላይ ነው የመጡባት። ቀን ቀን ደህና ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጭሱ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ይጮኻል።»

«ኮንዶሚኒየሙ...»

«ተወኝ እስቲ በእናትህ። ከሰሉን ይተዉት። በግልጽ በስቶቭ ይሥሩ፣ ማንም አይቆጣቸውም በላቸው። ቢያንስ ጭሱ ይቀርላታል።»

ፍቅሬ ጉዳዩን ነዋሪም በተገኘበት ስብሰባ ለኮሚቴው አቀረበ። አቶ ሰብስቤ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ፍቅሬ፣ ምድጃው ከተነሣ ሰፈሩ ቃሉን አፈረሰ ማለት ነው። በምን ፊት ነው ለወይዘሮ ሰብሌ የምንነግራቸው?»

«ለወይዘሮ ሰብሌ ያለኝን ፍቅር ማንም ከደጄ ላይ አያነሣውም!» አለች ምሥራቅ። ይህን ስትል እንባዋ እውነተኛ ነበር።

ሀምዳንም ሕዝብ የወሰነውን ሕዝብ ነው የሚያነሣው አለ። ጉባኤው ከወሰነ ወዲህ በሱቁ ደጃፍ የከሰል ማዳበሪያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ሆኖም ይህን የተናገረው በዚያ ምክንያት ነው ማለት ሐሜት ይሆናል።

ፍቅሬ በዚያች ሰዓት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች የምትቀረው። «ድስቶቹን እንክፈታቸው።» እስከ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታለች። ቀና ሲል ምሥራቅ እያየችው ነው። ድስት ከተከፈተ ሸራም ይገለጣል።

«እንግዲያው ይቀጥል» አለ።

አቶ ሰብስቤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብለው ጻፉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መብራት ከነአካቴው ሄዶ ዋለ። ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የተቀመጠች አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረች፤ ሰብሌ እስከ ማታ በእሷ ተነፈሰች፣ አለቀችም። ጸሎት በማግሥቱ ልታስሞላ ወሰደቻት። ለዓርብ ነይ ተባለች።

ሐሙስ ነው የሆነው። ፍቅሬ በማግሥቱ ከመንጋቱ በፊት ሁለት የኤርፖርት ደንበኞች ነበሩበት፣ መኪናዋ ደግሞ አሥራ አራት በመቶ ላይ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ሰካት። አሥራ ሁለት ሲሆን እነቅላታለሁ ብሎ ነው። አሥራ ሁለት ሲሆን አቶ ሰብስቤ በር ላይ ቆመው «እንሂድ እንጂ» አሉት። የዚያን ዕለት ቁጥጥሩን ሊያዩ የመጡ ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ፤ እነሱም በሰፈራቸው ይህንኑ ሊጀምሩ አስበዋል። ፍቅሬ ወደ ኋላ ተመልሶ ለኮከብ ሊነግራት ፈለገ፤ በእንግዶቹ ፊት ምን ብሎ? ስለዚህ ሄደ።

አራቱ ሆነው ቁልቁል እየቆጠሩ ወረዱ። ምሽቱ ነፋስ የለውም፤ ጭሱ ከጣሪያ በላይ አልወጣ ብሎ በመንገዱ ላይ ተኝቷል። እንግዶቹ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው «ይገርማል!» ይላሉ። «እንዲህ ያለ መተሳሰብ!» አቶ ሰብስቤ ስለ መዝገብ አያያዙ ያስረዷቸዋል። በየቤቱ መስኮት አምፖሉ ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ በውስጡ ያለችው ሽቦ ብቻ እንደ ትል ትታያለች። ይህንንም አቶ ሰብስቤ በጣታቸው አሳዩ። «እንግዲህ ይህ ሁሉ መሥዋዕትነት ተከፍሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ የሚያደርገንን ይመልከቱ።»

ሰማንያ ሰባተኛው ምድጃ ላይ ሲደርሱ የፍቅሬ ስልክ ጮኸ። ጸሎት ናት። «ጋሼ» ብላ ዘጋችው።

ሮጠ። ሲደርስ ማሽኑ መጮኹንም ትቶ ዝም ብሏል። ስታብላይዘሩ ላይ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ጸሎት ከፋርማሲ የገባችው ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው፤ ሰብሌን የምትጠብቀው የጎረቤት ሴት ማሽኑ መጮኽ ሲጀምር ሰው ልትጠራ ወጥታ፣ በጭሱ ውስጥ ኮሚቴውን ስትፈልግ ነበር። ሰብሌ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብላ። አንድ እጇ የመስኮቱን እጀታ እንደያዘ ነው። ልትዘጋው ነበር።

ሰፈሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግቢውን ሞላው። ማንም ምድጃውን ለማጥፋት አላሰበም፤ የሁሉም በር ላይ ነድዶ ነድዶ ውሃው አልቆ ባዶ ድስት አረረ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የብረት ሽታ ይሸት ነበር። ምሥራቅ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። «ቀኗ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ሰፈሩ የሚችለውን አድርጓል።»

ፍቅሬ ጋቢ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ። ሸራውን ገልጦ ገመዱን ነቀለ። ገመዱ እንደ ሰው እጅ ሞቋል። መኪናዋ ሃያ ዘጠኝ በመቶ ደርሳ ነበር።

ቀብሩ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈጸመ። ድንኳኑ ከሰብሌ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ይዞ ተተከለ። የእድሩ ሰዎች ከራሷ ቆጣሪ ላይ ሽቦ ስበው አንድ አምፖል መሐሉ ላይ ሰቀሉ። ለሐዘኑ ክብር ሲባል የዚያን ዕለት ምድጃ እንዳይወጣ ኮሚቴው አሳውቆ ስለነበር መንገዱ ጭስ አልባ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ፣ ከመቶ አሥራ ሁለቱም ቤት፣ ተከራይ ሳይቀር በሩን ቆልፎ ድንኳን ገባ። ቦታ ጠብቦ ከወጣቶቹ የሚበዙት ቆሙ።

ሲመሽ አንዱ አምፖሉን አበራው።

ሰዉ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ብርሃን በዚህ ሰፈር ከመሸ በኋላ ታይቶ አይታወቅም። ነጭ ነው፤ የሰው ፊት ላይ ያለውን ሽፍታ፣ የወንበሩን ስንጥቅ፣ የድንኳኑን ስፌት ሁሉ አንድ በአንድ ያሳያል። አቶ ሰብስቤ የኮሚቴውን የሐዘን መግለጫ ሊያነቡ ተነሡ። ወረቀቱን እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ ፊደሉ ከሩቅም እንደሚነበብ ሲያዩ፣ ግራ እንደገባቸው ቀስ ብለው አራቁት።

«ነዋሪው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ቃሉን ጠብቆ...» አሉ። ቆም አሉ። ወደ አምፖሉ ቀና አሉ። «...ቃሉን ጠብቆ» ብለው ደገሙና ተቀመጡ። መግለጫው ገና ሁለት አንቀጽ ይቀረው ነበር።

ከአስኮ የመጡ አንድ አሮጌ ዘመድ ከፍቅሬ ጎን ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ስለሚደክም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት።

«መብራታችሁ ግን እንዴት ጥሩ ነው! እኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት ሻማ ነው። ጎረቤታችን ሳንሱሲም ያው ነው። ተመስገን በሉ።»

«ተመስገን» አለ ፍቅሬ።

ካርታ የያዙት ወጣቶች መጫወት አቆሙ። ጸሎት ከሴቶቹ መሐል፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አምፖሉን ነው የምታየው።

ለለቀስተኛ እራት ማምጣት ደንብ ነው። የዚያን ምሽት ተራው የእነምሥራቅ ነበር። ምሥራቅ አንዷን ሴት ይዛ «ወጡን ሞቅ አድርገን እንምጣ» ብላ ወጣች። አሥር ደቂቃ ያህል ሆነው። አምፖሉ አንድ ጊዜ ፈዘዝ አለ፣ ትንሽ ቢጫ ጣል አደረገበት። ሰዉ ቀና አለ፤ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛዋ ሴት ቤቷ ደርሳ መሆን አለበት፤ አንድ እርከን ወረደ። ሦስተኛዋ ልትወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ነበር። በድንኳኑ መሐል ቆማ አምፖሉን አየችው፣ ከዚያ ሰዉን አየች፣ መልሳ ተቀመጠች። ከእሷ ወዲያ የሚነሣ ጠፋ። መሄድ የነበረባቸው ሰዎች፣ ሕፃን እቤት የተዉም፣ ሽንት የያዛቸውም፣ ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ።

«እራቱ ዘገየ እንዴ?» አሉ የአስኮው ዘመድ።

ፍቅሬ ኮከብን ሊያያት ዞረ። ከሴቶቹ በኩል፣ ከኋላ፣ ተቀምጣበት የነበረችው ቦታ ባዶ ነው። ከመቼ እንደወጣች አላየም። ነገ ማለዳ ከወልቂጤ የሚመጡትን ዘመዶች ከመናኸሪያ የሚያመጣቸው እሱ ነው፤ ይህንን ዛሬ ጠዋት ራሱ ነግሯታል። ኮከብ ደግሞ የቤት ሥራ አታሳድርም።

ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። በዚያው ቅጽበት አምፖሉ ወደቀ። እንደ ምሥራቅና እንደ ጓደኛዋ በእርከን አልነበረም፤ ባንድ ጊዜ ሄዶ ቀላ፣ ሽቦዋ ብቻ ቀረች። ድንኳኑ ውስጥ የሰው ሁሉ ፊት ጠቆረ። ከፊት ለፊት ያለው የሰብሌ ቤት መስኮትም አብሮ ቀላ።

ሰዉ ማን እንደጎደለ ለማወቅ ዙሪያውን አየ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገውም።

ፍቅሬ ግማሽ ቆሞ ቀረ። ሄዶ የመኪናውን ገመድ ቢነቅለው አምፖሉ ይበራል፤ ሲበራ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ ያየዋል። ባይሄድ እንዲህ ሆኖ ያመሻል። ጸሎት ከአምፖሉ ላይ ዓይኗን አነሣችና ወደ እሱ አደረገች።

ተቀመጠ።

«ምነው፣ መብራቱ ምን ሆነ?» አሉ የአስኮው ዘመድ።